ከጉጠት በፊት፦ የልጆችን ጥርስ የመጠበቅ ታሪክ ቅኝት

እ.ኤ.አ. ጥር 25 ቀን 1945 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት የምትገኘው ግራንድ ራፒድስ ከተማ በቧንቧ ውሃዋ ላይ ፍሎራይድ መጨመር ጀመረች። የጥርስ ሐኪም ሥራ እስከዚያ ድረስ ባመዛኙ መንቀልና መሙላት ነበር፤ ሕመም የጠናበት ይመጣል፣ ጉጠት ይነሣል። የዚያ ቀን ሙከራ ግን ገና ላልበቀለ ጥርስ ጭምር የታሰበ ነው። ወደ 30,000 የሚጠጉ ተማሪዎች ጥርስ ለዓመታት እየታየ ተመዘገበ። ከ11 ዓመት በኋላ የተነገረው ውጤት፣ ውሃው ፍሎራይድ ካገኘ ወዲህ በተወለዱ ልጆች ላይ የጥርስ መበስበስ ከ60 በመቶ በላይ መቀነሱን አሳየ።

ወደዚያ ያደረሰው ፍለጋ የተነሣው ግን ጥርስ ለማዳን ሳይሆን የጥርስን እድፍ ምክንያት ለማወቅ ነበር። ፍሬደሪክ ማኬይ የተባለ ወጣት የጥርስ ሐኪም በ1901 ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ሲገባ፣ እዚያው የተወለዱ ብዙ ሰዎች ጥርሳቸው ቡናማ ሆኖ አገኘ። የአገሬው ሰው አንዴ የአሳማ ሥጋን፣ አንዴ የማይረባ ወተትን ይወቅሳል። በ1909 ግሪን ቫርዲማን ብላክ የተባለው የዘመኑ የጥርስ ሕክምና ሊቅ ከማኬይ ጋር ሆኖ ይመረምር ጀመር፤ በ1915 ሲሞት ግን ምክንያቱ ገና አልታወቀም ነበር። ያም ሆኖ አንድ ነገር አስተውለዋል፦ ያ ያደፈ ጥርስ በቀላሉ አይበሰብስም።

በ1923 ማኬይ ወደ ኦክሌይ፣ አይዳሆ ሄደ። እዚያ ወላጆች የልጆቻቸው ጥርስ መበላሸት የጀመረው ከተማዋ ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኝ የሞቀ ምንጭ ውሃ በቧንቧ ካስገባች በኋላ መሆኑን ነገሩት። ምንጩን ተዉት አላቸው፤ ተዉት። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የታናናሾቹ ቋሚ ጥርስ ነጭ ሆኖ ወጣ። ጥፋተኛው ውሃ ነው፤ ውሃው ውስጥ ያለውን ማን ይንገር? መልሱ በ1931 የመጣው ከማይጠበቅ ቦታ፣ ከአንድ የአሉሚኒየም ኩባንያ ቤተ ሙከራ ነው። ያው እድፍ የታየባት፣ በአርካንሳስ የምትገኘው ቦክሳይት የኩባንያው ከተማ ስለነበረች፣ ነገሩ በአሉሚኒየም ድስት እንዳይሳበብ የሠጋው ዋና ኬሚስት ቸርችል ውሃውን መረመረ፤ ከፍተኛ ፍሎራይድ አገኘ። ሳይንስ አንዳንዴ ገበያን ለማዳን ሲባልም ወደፊት ይሄዳል።

ከዚያ ወዲያ ሥራው የልክ ሥራ ሆነ። የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ባልደረባ የነበረው ትሬንድሊ ዲን ከተማ ከከተማ እያወዳደረ፣ በሊትር አንድ ሚሊግራም ገደማ ፍሎራይድ ያለው ውሃ ጎልቶ የሚታይ እድፍ ሳያስከትል መበስበስን እንደሚቀንስ ደረሰበት። በእኔ ግምት የዚህ ታሪክ ትልቁ ግኝት ፍሎራይድ ራሱ ሳይሆን ይህ ልክ ነው።

ውሃ ላይ ፍሎራይድ ስለ መጨመር ክርክር እስከ ዛሬ የሚነሣውም ከዚሁ ነው። የስዊዘርላንዷ ባዝል በ1962 ጀምራ በ2003 አቆመች፤ ፍሎራይድ ያለበት ጨው በአገሪቱ ይሸጥ ስለነበር ልጆቿ ያለ መከላከያ አልቀሩም። የካናዳዋ ካልጋሪ በ2011 አቆመችና በ2025 ተመለሰችበት። እስራኤል በ2014 አቆመች፤ ዩታ በ2025 ከአሜሪካ ግዛቶች ቀድማ ከለከለች። አሜሪካ በ2015 የሚመከረውን መጠን ወደ 0.7 ሚሊግራም አውርዳ ነበር። በ2024 የወጣ የአሜሪካ መንግሥት የጥናት ግምገማ ደግሞ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም በላይ መጋለጥ ከልጆች የአእምሮ ብቃት መቀነስ ጋር እንደሚያያዝ በመካከለኛ እርግጠኝነት ገልጿል። ተቃዋሚዎቹን ሁሉ አላዋቂ ማለት ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይደለም።

ደግሞም ውሃው ብቻውን አልነበረም። በ1950ዎቹ በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ጆሴፍ ሙለርና ባልደረቦቹ ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና ሠሩ፤ ክሬስት በሚል ስም ገበያ ወጣ፣ በ1960 የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር እውቅና ሰጠው። ከ1970ዎቹ ወዲህ ውሃቸው ፍሎራይድ ያልተጨመረበት ብዙ የአውሮፓ አገሮችም ልጆቻቸው ከመበስበስ እየዳኑ መጡ፤ ምስጋናው በብዛት ለሳሙናው ነው። ፍሎራይድ ዋና ሥራውን የሚሠራው ሲዋጥ ሳይሆን ጥርሱ ላይ ሲቆይ መሆኑም ቀስ በቀስ ታወቀ። ስኮትላንድ ከ2006 ጀምሮ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች በመምህራን ፊት እንዲቦርሹ ያደረገችው ይህንኑ ይዛ ነው።

መንጋጋ ግን ሌላ ጣጣ አለው። በላዩ ያሉት ስንጥቆች ከብሩሽ ፀጉር ይጠባሉ፤ ምግብ ይገባል፣ ብሩሽ አይደርስም። በሮቸስተር ይሠራ የነበረው ማይክል ቦኖኮር፣ ፋብሪካዎች ቀለም ብረት ላይ እንዲይዝ ፎስፎሪክ አሲድ እንደሚጠቀሙ ያውቅ ነበርና በ1955 ያንኑ በጥርስ ላይ ሞከረው። ሠራ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ስንጥቁን የሚደፍነው ስስ ሽፋን ከዚህ ተወለደ፤ መርፌም ሆነ መሰርሰሪያ አይፈልግም። ጃፓኖች ደግሞ ከብርና ከፍሎራይድ የተቀመመ ፈሳሽ አመጡ፦ የተበላውን ቦታ ያጠቁረዋል፣ መበስበሱን ግን በብዙ ልጆች ያቆመዋል። አሜሪካ በ2014 ፈቀደችው፤ በ2021 የዓለም ጤና ድርጅት ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገባው። የጥርስ ወንበር በሌለበት ጤና ጣቢያ ከዚህ የሚሻል መሣሪያ ያለ አይመስለኝም።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ ይገለበጣል። በስምጥ ሸለቆ ተፈጥሮ ራሷ ፍሎራይዱን አብዝታዋለች። ከኢንዶኔዥያ የመጣው ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1954 የወንጂን ስኳር ፋብሪካ ሥራ ሲያስጀምር፣ ሠራተኛው የሚጠጣው የጉድጓድ ውሃ ነበር፤ በአንዳንድ ጉድጓዶች ፍሎራይዱ በሊትር ከ10 ሚሊግራም አልፎ ተለክቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ 1.5 ነው። የልጆቹ ጥርስ ቡናማ ሆነ፤ ለዓመታት የጠጡት ሠራተኞች አከርካሪያቸው ደርቆ ጎበጡ። ጥርስ የሚያበሰብሰው ስኳርና ጥርስ የሚጠብቀው ንጥረ ነገር ባንድ ሜዳ ተገናኝተው፣ ሁለተኛው ከልኩ ስላለፈ ሰው ጎዳ። ስለዚህ በሸለቆው የሚያስፈልገው እንደ አጥንት ከሰል ባለ ማጣሪያ ፍሎራይዱን መቀነስ ወይም ሌላ ምንጭ መፈለግ ነው። የግራንድ ራፒድስን መንገድ እዚያ መቅዳት ስህተት ይሆናል።

መፋቂያችንም አይናቅ፤ በአግባቡ የፋቀበት ሰው ጥርሱ ንጹሕ ነው። ፍሎራይድ ግን አይሰጥም። የሕፃንን ድድ ወግቶ ግግ ማስወጣትማ ከሥር ያለውን የጥርስ እንቡጥ ያበላሻልና ጭራሽ ሊቀር ይገባዋል።

እንግዲህ ወላጆች፦ ልጁ ስድስት ዓመት ሲሞላው ከወተት ጥርሶቹ ኋላ፣ አንድም ጥርስ ሳይወልቅ የምትበቅል መንጋጋ አለች። ብዙ ሰው የወተት ጥርስ ናት ብሎ ይተዋታል፤ ቋሚ ናት፣ ምትክ የላትም። ሽፋን እንዲደረግላት ሐኪም ጠይቁ። ሳሙና ስትገዙ ካርቶኑ ላይ ቢያንስ 1,000 ፒፒኤም ፍሎራይድ መጻፉን አንብቡ፤ ሦስት ዓመት ላልሞላው የሩዝ ፍሬ ያህል፣ ከዚያ እስከ ስድስት ዓመት የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል። በስምጥ ሸለቆ የምትኖሩ ግን ከሳሙናው አስቀድማችሁ የምትጠጡት ውሃ መለካቱን ጠይቁ።