ግልብ፦ የቃሉ ፍችና የውኃው ታሪክ

ቋንቋ ከሕዝብ ኑሮና ሥራ ተነጥሎ አይበቅልም። ስለሆነም የአንድን ቃል ታሪክ መመርመር፥ ቃሉ የተገራበትን ሥራ መመርመር ነው።

«ጥልቅ» የሚለው ቅጽል «ጠለቀ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ፀሐይ ጠለቀች፥ ድንጋዩ ውኃ ውስጥ ጠለቀ ይባላል። ጥልቅ እንግዲህ የገባበትን የሚሰውር ነው። ተቃራኒው ግን አብዛኛውን ጊዜ በአሉታ፥ «ጥልቀት የሌለው» ተብሎ ይነገራል። «ግልብ» የሚል ቃል ቢኖርም፥ በጽሑፍ የሚዘወተረው ለአስተሳሰብ ነው፤ ግልብ ዕውቀት፥ ግልብ ትችት፥ ግልብ ድርሰት ይባላል። ቃሉ የነቀፌታ መሣሪያ ሆኗል።

ወንዝ ተሻጋሪው ገበሬና ነጋዴ ግን ነገሩን በሌላ ዓይን ያየዋል። ለእርሱ ውኃው ከቁርጭምጭሚት፥ ከጉልበት ወይም ከወገብ ይደርሳል፤ መለኪያው የገዛ አካሉ ነው። ውኃው የሳሳበት ስፍራ ለእርሱ መሻገሪያ እንጂ መናቂያ አይደለም። ኦሮምኛ ይህንኑ ስፍራ «መልካ» ይለዋል። በአዋሽ ዳር የሚገኙት መልካ ቁንጡሬ፥ መልካ ሰዲና መልካ ወረር ስማቸውን ከዚሁ ቃል አግኝተዋል።

ከእነዚህ አንዱ የሰው ልጅ ታሪክ መዝገብ ሆኖ ተገኝቷል። መልካ ቁንጡሬን እ.ኤ.አ. በ1963 ለጥናት ያበቃው የኔዘርላንድስ ተወላጅ የውኃ ባለሙያ ጄራርድ ዴከር ነበር፤ ከ1965 ጀምሮም ዣን ሻቫዮን ቁፋሮውን መራ። በዚያ የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች ከ1.7 ሚሊዮን ዓመት በላይ ወደኋላ ይወስዳሉ። ስፍራው ከባልጭት ጋር እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ጥልቀት የሌለው ውኃ ጠቃሚ የመሆኑን ያህል ተሰባሪም ነው። የሐረር ከተማ ትጠጣው የነበረው የሐረማያ ሐይቅ፥ ለመጠጥና ለመስኖ ያለ ልክ ሲቀዳና ደለል ሲሞላው በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደረቀ። በኋላ ውኃው ተመልሶ ቢታይም፥ በእነዚያ ዓመታት ከተማዋ ከሩቅ ውኃ ለማስመጣት ተገድዳለች።

መምህሩ ቃሉን ሲያስተምር፥ ሐያሲውም በሌላው ሥራ ላይ ሲሰነዝረው ሁለቱንም ገጽታ ቢያስታውስ መልካም ነው። ግልብ ሐሳብ ነቀፌታ ይገባዋል፤ የሳሳ ውኃ ግን ጥበቃ ይሻል። ሁለቱን በአንድ ንቀት የሚያይ ትችት፥ ራሱ ከግልብነት አልወጣም።