ጠገራ ብር እና የእማዬ ስልክ

ባለፈው ሳምንት ለእማዬ በስልክ ብር ላኩላት። ወዲያው ደወለች። «ደርሷል ይላል፣ ግን የታለ?»

«እማ፣ ሂሳብሽ ውስጥ ገብቷል እኮ።»

«እሱማ ቁጥር ነው» አለችና የጎረቤት ልጅ አስከትላ ባንክ ሄዳ ሙሉውን አወጣችው። ሳቅኩባት። በማግስቱ ክፍል ገብቼ የማስተምረው ግን ስለ ጠገራ ብር ነበር፤ ሳቄን ዋጥኩት።

ነገሩ አዲስ አይደለም ወገን። አፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም የራሳቸውን መልክ የያዘ ብር አስቀርጸው ነበር። በየካቲት 1898 ደግሞ አቢሲኒያ ባንክ ተከፈተ፤ ኋላም የወረቀት ገንዘብ አወጣ። ገበሬውና ነጋዴው ግን ከማርያ ቴሬዛ ጠገራ አልላቀቅ አሉ። በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች እየቆጠሩ ነበር የሚቀበሉት! ጣሊያንም ሊሬውን የሚቀበለው ቢያጣ ሮም ላይ ጠገራ አስቀረጸ።

ሰዉ ኋላ ቀር ስለሆነ ነው? አይመስለኝም። ጠገራው ያወጣው መንግሥት ቢወድቅም ብርነቱ አይጠፋም። ወረቀቱ ግን የባንኩ ቃል ነው፤ ባንኩ ደግሞ ከገበሬው ቀዬ ሩቅ ነበር። ይህን የተረዱ ይመስላል፣ በ1937 አዲሱ ገንዘብ ሲወጣ ከወረቀቱ ጋር ከእውነተኛ ብር የተሠራ 50 ሳንቲም አብሮ ወጣ። ሰዉ በሚያምነው በኩል መጡበት።

ወደ ዛሬው ልመለስ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሲጀመር እኔ ቶሎ ገባሁበት። ይቀላል፣ ሰልፍ የለም፣ ጓደኞቼም ይጠቀሙ ነበር። አንዳንዱን ግዴታው አስገብቶታል፤ አዲስ አበባ ላይ በ2015 ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ ሲሆን ሾፌሩ ሁሉ ለመደው። መልመድና ማመን ግን ይለያያሉ። አንድ ጊዜ በአንድ ቁጥር ስህተት 3,000 ብር ለማላውቀው ሰው ላክሁ (ድርጅቱን አልጠራም)። ለማስመለስ ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ፤ «እዚያ ጠይቅ» ያላለኝ የለም። እኔ ማንበብና መከራከር የምችለው እንዲህ ከሆንኩ፣ እማዬ ብትሆንስ?

ትናንት ደውዬ ስለ ሳቄ ይቅርታ ጠየቅኳት። «አንተ ልጅ፣ እኔ ስልኩን አልጠላሁም» አለችኝ። «ቢጠፋ ማንን ነው የምይዘው? እሱን ንገረኝና ነገውኑ እጀምራለሁ።»

እስካሁን መልስ አላገኘሁላትም። ባንክ ቤት የምትሠሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ እስቲ እናንተ መልሱላት።