ግንብ ያልነበረው ድንበር

ከጅጋ ወይም ከቡሬ ተነሥቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ መርካቶ አውቶቡስ ተራ የሚወርድ መንገደኛ በእግሩ ወደ ፒያሳ ቢያቀና ሳያውቀው አንድ የቀድሞ ድንበር ይሻገራል።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን የያዘው ፋሺስት ወራሪ ነጭና ጥቁር ተለያይቶ የሚኖርበትን የከተማ ፕላን አስነደፈ። በቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ ይቆም የነበረው ታላቁ የአራዳ ገበያ ወደ ምዕራብ ተገፋ፤ የዛሬው መርካቶ የበቀለው ከዚህ ግፊያ ነው። ወራሪው ሥፍራውን «የአገሬው ገበያ» አለው። ባለአገሩን በገዛ አገሩ ከልሎ «አገሬው» ማለት እንዴት ያለ ፌዝ ነው! በ1929 ዓ.ም. ኢጣልያዊ ከኢትዮጵያዊት ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖር በሕግ ሲከለከል ድንበሩ ከጎዳና አልፎ ጓዳ ገባ። ሕጉን ብዙ የጣሱት ግን ራሳቸው ኢጣልያውያን ነበሩ።

ፕላኑ በአመዛኙ ወረቀት ላይ ቀረ። አርበኛው ፋታ አልሰጠም፤ በየካቲት 1933 ዓ.ም. ጠላት የቡሬን ምሽግ ጥሎ ሸሸ፣ በመጋቢት ደግሞ አዲስ አበባ ነጻ ወጣች። ለኢጣልያ መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ የነበረው «ኢንቺስ» የተባለ ድርጅት ስም በሕዝቡ አንደበት ተለውጦ «ካዛንቺስ» ሆኖ ቀረ። ከፒያሳ ብዙው በ2016፣ ከካዛንቺስም ብዙው በ2017 ዓ.ም. ፈርሷል።

ገበያው ግን ከድል በኋላም ወደ አራዳ አልተመለሰም። የጎጃም ጤፍ ለአሥርተ ዓመታት የተራገፈው እዚያው መርካቶ፣ እህል በረንዳ ነው።