ግማሽ ዶክተር፣ ሙሉ ወረዳ

የአክስቴ ልጅ በፐብሊክ ሄልዝ የተመረቀ ቀን አያቴ እልልታዋን አቅልጣ «ዶክተሬ!» ብላ አቀፈችው። ልጁ ሐቀኛ ቢጤ ነውና «አይ እማዬ፣ እኔ ጤና መኮንን ነኝ» አላት። «መኮንን? ወታደር ቤት ነው እንዴ የከረምከው?» «አይደለም፣ ሰው እንዳይታመም ነው የምሠራው» ሲላት ትንሽ አሰበችና «ካልታመመማ ማን ይከፍልሃል?» አለችው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ስቄያለሁ። ማታ ላይ ግን የአያቴ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ይህች አገር ከሰባ ዓመት በላይ ስትከራከርበት የኖረችውን ነገር ነዋ የጠየቀችው፤ ይህ ሰው ሲመረቅ ምን ማወቅ አለበት? ደመወዙስ የሚከፈለው ለየትኛው ሥራው ነው?

ከሥሩ እንነሣ። (ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ሰባት ወይ ስምንት መቀነስ አያቅታችሁም።)

በ1953 ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን ባለው የደምቢያ ሜዳ፣ በቆላ ድባ አካባቢ፣ ወባ ተነሥቶ ሰው ጨረሰ። በዚያን ጊዜ በአገሩ አንድም የሕክምና ትምህርት ቤት አልነበረም፤ የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው በ1964 ነው። የነበሩት ጥቂት ሐኪሞችም አብዛኞቹ የውጭ አገር ሰዎች ሲሆኑ የሚገኙት በከተማ ነው። ገጠሩን የያዘው ድሬሰር ነበር፤ ቁስል አጣቢ፣ መርፌ ወጊ፣ በሰፈሩ ግን «ዶክተር» የሚባል። ከወረርሽኙ በኋላ በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተከፈተ። መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ ዕርዳታ ተባብረው ነው ያቋቋሙት።

የኮሌጁ ሐሳብ ለጊዜው ደፋር ነበር። ሦስት ዓይነት ሰው አንድ ግቢ ውስጥ አብሮ ይማራል፤ ጤና መኮንን፣ ኮሚዩኒቲ ነርስና ሳኒታሪያን። ከተመረቁ በኋላም ተለያይተው አይበተኑም፣ አንድ ጤና ጣቢያ ይገባሉ። ጤና ጣቢያው ደግሞ የተሰላው ለአምሳ ሺህ ሰው ነው።

እዚህች ቁጥር ላይ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ ያለው እሷ ውስጥ ነው። ጤና መኮንኑ ጎበዝ ነው እንበልና በቀን አምሳ በሽተኛ ይመርምር፣ በዓመት ሦስት መቶ ቀን ይሥራ። አሥራ አምስት ሺህ ምርመራ። ያውም ሰው ሁሉ በዓመት አንዴ ብቻ ቢታመም ነው፣ ያውም መኮንኑ ራሱ ሳይታመም። ሠላሳ አምስት ሺው ደጅ ይቀራል። ስለዚህ ኮሌጁ ተማሪውን ሲቀርጽ ከስቴትስኮፕ ውጭ ያለውን ሙያ የጫነበት ለጌጥ ብሎ አይደለም፣ ሒሳቡ አስገድዶት ነው። ምንጭ ከልሎ ማጎልበት፣ መጸዳጃ የት እንደሚቆፈር መወሰን፣ መከተብ፣ እናቶችን በየቤታቸው መጎብኘት፣ የሞተና የተወለደ መቁጠር፣ በጀት መያዝ፣ ከአገር ሽማግሌ ጋር መከራከር። ከዚህ ሁሉ ጋር ደግሞ ሌሊት አጥንቱ የተሰበረ ሰው ሲመጣ ማከም። ጤና መኮንኑ ለዚህ ሦስት ዓመት ተምሮ አንድ ዓመት በተግባር ይለማመድ ነበር። በአጭሩ በሽተኛው ወረዳው ነው።

ኮሌጁ ገና ጥቂት ዓመት እንዳስቆጠረ፣ በ1958፣ ወባ እንደገና መጣ። ያሁኑ አንድ ሜዳ አልበቃውም። ዝናቡ ከወትሮው በዝቶ፣ ሙቀቱም ጨምሮ ነበርና ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያለው ደጋና ወይና ደጋ፣ ወባን የማያውቅ፣ ሰውነቱም ያልለመደው ሕዝብ የሚኖርበት አገር ተመታ። ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታመመ፣ 150,000 ያህሉ ሞተ ተብሎ ተገመተ። «ተገመተ» የምትለዋን ቃል እዩልኝ። የሚቆጥር ሰው በሌለበት አገር ሙታን ይገመታሉ እንጂ አይቆጠሩም። ከወረርሽኙ በኋላ ዓመት ሳይሞላ፣ በ1959፣ የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። ጥቂት ሳምንት አስቀድሞ «በዚህ ወረዳ የትኩሳት በሽተኛ ካለፈው ዓመት እጥፍ ሆኗል» ብሎ የሚጮህ ሰው ግን ፋኩልቲ በመክፈት ብቻ አይገኝም፤ መዝገብ የመያዝ ሙያና መዝገቡን የሚያነብ አለቃ ይፈልጋል።

ይህ ሙያ በጣም ያበራው በፈንጣጣ ዘመቻ ጊዜ ይመስለኛል። በኢትዮጵያ ዘመቻው የተጀመረው በ1971 ነው፤ ያበቃው በነሐሴ 1976፣ ባሌ ውስጥ ዲሞ በምትባል መንደር የመጨረሻው በሽተኛ ሲገኝ። በመሀል ንጉሥ ወርዷል፣ ደርግ ወጥቷል፣ ጦርነት አለ፣ መንገድ የለም። ታዲያ ምኑ ነው ያሸነፈው? ክትባቱ እንዳትሉኝ፤ ክትባቱማ ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ የቆየ ነገር ነው። ያሸነፈው አሠራሩ ነው። ሳኒታሪያኖችና ከታባዮች፣ ከአሜሪካ ሰላም ጓድ ወጣቶች ጋር፣ ፈንጣጣ የወጣበት ሕፃን ፎቶ ያለበትን ካርድ ይዘው በገበያ፣ በትምህርት ቤትና በመንደር ይዞራሉ። «እንዲህ ዓይነት ሰው አይታችኋል?» አይተናል ከተባለ ይኬዳል፤ በእግር፣ በበቅሎ፣ ሲገኝ በሄሊኮፕተር። በሽተኛው ይገኛል፤ ዙሪያው ይከተባል፤ ከማን እንደያዘው፣ ማንን እንዳገኘ ይጠየቃል፤ ከዚያ ቀጣዩ መንደር። አገሩን ሁሉ መከተብ አላስፈለገም።

ሌላም ነበር። አገሬው የራሱ ክትባት ነበረው፤ ከበሽተኛ ቁስል ፈሳሽ ወስዶ ጤነኛውን መጫር። ዘዴው የቆየ ነው፣ ሞኝነትም አይደለም፤ ግን አንዳንዴ ራሱ በሽታውን ያሰራጫል። እንደ ጎጃም ባሉ አካባቢዎች አዲሱ ክትባት ተቃውሞ የገጠመውም በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው። «እኛ የራሳችን አለን» የሚልን ገበሬ ሳይንቁ ማሳመን ትልቅ ሙያ ነው። በየትኛው ኮርስ፣ በስንት ክሬዲት አወር እንደሚሰጥ እስካሁን አልገባኝም።

እንግዲህ ይህን ያህል የሠራ ሙያ ተከበረ ወይ? እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚያሳዝነኝ። በሩ ላይ የቆመ በሽተኛ ሁልጊዜ ያሸንፋል። ምንጭ ስለተከለለ ያልታመመ ልጅ ማንንም አያመሰግንም፣ አለመታመሙንም አያውቅ፤ መርፌ የተወጋው ግን «እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር» ብሎ ይሄዳል። ሕዝቡ ዶክተር ሲል፣ ወጣቱም ዶክተር መሆን ሲያምረው፣ መንግሥትም ሐኪም ሲያጥረው ሁሉም ወደ አንድ ጎን ይገፋል። በ1978 ጎንደር በላይፕሲግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ የሕክምና ፋኩልቲ ሆነ፤ የጤና መኮንን ሥልጠናው ተቋረጠ። ያው በ1978 ዓለም አልማ አታ ላይ ተሰብስቦ «ዋናው የመጀመሪያ ደረጃ የጤና እንክብካቤ ነው» ብሎ ሲያውጅ! ዓለም እኛ ከሃያ ዓመት በላይ ወደ ሠራንበት ሲመጣ እኛ በሌላ በር ወጣን። (የሐኪም ፋኩልቲ አያስፈልግም ነበር ማለቴ አይደለም። ያስፈልግ ነበር፣ በጣም። አንዱን ለመክፈት ሌላውን መዝጋት ነው ያልገባኝ።)

ሐሳቡ ግን አልሞተም፣ ወደ ጅማ ሄደ። በ1983 የተከፈተው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተማሪውን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ኅብረተሰቡ ውስጥ መስደድ ያዘ። ቤት ለቤት ቆጠራ፣ ከዚያ ችግሩን መለየት፣ ከዚያ አንድ ነገር ሠርቶ መምጣት፤ በመጨረሻም የተለያየ ሙያ ተማሪዎች አንድ ላይ ጤና ጣቢያ ይመደባሉ። ቲቲፒ የወጣችሁ ታውቁታላችሁ፤ ስለ ፍራሹና ስለ ሽሮው የምታወሩትን ያህል ስለ ሥራውም ብታወሩ ደስ ይለኝ ነበር። የጤና መኮንን ሥልጠናው በ1990ዎቹ አጋማሽ ተመለሰ። ከ1997 ጀምሮ በካርተር ማዕከል ድጋፍ የአገራችን መምህራን በአገራችን በሽታ ላይ የጻፏቸው ሌክቸር ኖቶች ወጡ፤ ፎቶ ኮፒያቸውን ያልያዘ የጤና ተማሪ አላጋጠመኝም።

ከዚያ ነገሩ ፈጠነ። ከ2003 ወዲህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መሠልጠን ጀመሩ፤ አሥራ ስድስት ፓኬጅ፣ ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሴቶች፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሠላሳ ሺህ በላይ። በ2005 የተፋጠነው የጤና መኮንን ሥልጠና መጣ። በ2009 ደግሞ ጤና መኮንኖች በማስተርስ ደረጃ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና እንዲሠለጥኑ ተደረገ። በነሱ እጅ በቀዶ ሕክምና የተገላገሉ እናቶችን ሳስብ ምንም ቅር አይለኝም። ግን አስተውሉ፣ እንደገና ወደ ጠረጴዛው ነው የሄድነው። ምንጩን ለመክለል ማስተርስ የሚያጓጓው ማን ነው? በዚያው በ2009 የፊልድ ኤፒዲሚዮሎጂ ፕሮግራም መጀመሩ ያጽናናኛል፤ ወረርሽኝ ሲነሣ በቦታው ተገኝቶ «ከየት መጣ?» የሚል ሰው ማፍሪያ ነውና።

«ከየት መጣ» ብቻ ሳይሆን «ምንድነው» ማለትም ሙያ ነው። አተትን አስታውሱ። በ2016 ክረምት በአዲስ አበባ የምናውቀው በሽታ በይፋ ስሙ «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» ነበር። በ2019 ግን ኮሌራ ኮሌራ ተብሎ ተጠራ። አተት የምልክት ስም ነው፤ «ትኩሳት አለበት» እንደማለት። ምልክቱን በስም ቦታ መጻፍ ውሸት አይደለም፣ እውነትም አይደለም። አሁን ወረዳ ላይ የተቀመጠ የሃያ ሦስት ዓመት ተመራቂ አስቡ። የሳምንቱ ሪፖርት ፊቱ አለ፤ የላይኛው አለቃ የሚወደውን ቃል ያውቃል፣ መጽሐፉ የሚለውንም ያውቃል። ኤፒዲሚዮሎጂ አንድ፣ ባዮስታት ሁለት ወስዷል። እዚያ ወንበር ላይ የሚያስፈልገውን ግን ፈተና አልፈተነውም። ከሐምሌ 2023 ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ መውጫ ፈተና እንዲፈተን ተደርጓል፤ ጥሩ ነው፣ እኔም እደግፋለሁ። ምርጫው ሀ ለ ሐ መ ነው።

የአክስቴ ልጅ ያንን ፈተና አልፏል። ቅጥር የለም፤ አሁን ሞባይል ቤት ይሠራል፣ ስክሪን ይቀይራል። በ2024 መገባደጃ፣ ጎንደር ኮሌጁ በተከፈተ በሰባኛው ዓመት መሆኑ ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ በኢትዮጵያ ከሰባት ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ መያዙን፣ ከሺህ በላይ መሞቱን ሲያስታውቅ ዜናውን ያነበበልኝ እሱ ነው፣ ከሱቁ ባንኮኒ ጀርባ ሆኖ። ቁጥሩን ሁለቴ አነበበው። «ካለፈው ዓመት ጋር ሲነጻጸር ስንት ነው?» አለና አጠገቡ ካለ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ማስላት ጀመረ። ደንበኛ መጣ።