የጨዋታ ሠሪውና የባለገንዘቡ ውል

የቪዲዮ ጨዋታ የሚሠራ አነስተኛ ኩባንያ ራሱን ችሎ ለመቆም ሲነሣ፣ በመጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ የጥበብ ሳይሆን የገንዘብ ነው። ጨዋታው ተሠርቶ እስኪሸጥ ድረስ የሠራተኛው ደመወዝና የቤቱ ኪራይ ከወዴት ይምጣ? ዛሬ የአክስለሬተርን ደጅ ለሚጠና ወጣት ጥያቄው አዲስ ይምሰለው እንጂ፣ ዕድሜው ከሙያው ዕድሜ ጋር እኩል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1972 ኖላን ቡሽኔልና ቴድ ዳብኒ በካሊፎርኒያ አታሪን ሲመሠርቱ ያዋጡት እያንዳንዳቸው 250 ዶላር ነበር። ፖንግ የተባለው ጨዋታቸው በየመጠጥ ቤቱ ሳንቲም እየሰበሰበ ኩባንያውን አቆመው። ዳሩ ግን በ1975 ሲርስ የተባለው ታላቅ የንግድ ድርጅት ለቤት የሚሆነውን ፖንግ 150,000 ያህል ባዘዘ ጊዜ፣ ያን ሁሉ ለመሥራት የሚበቃ ገንዘብ በእጃቸው አልነበረም። ስለዚህ የሴኮያው መሥራች የዶን ቫለንታይን ገንዘብ ገባ፤ በተከታዩም ዓመት አታሪ ለዋርነር ኮሙኒኬሽንስ በ28 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በ1979 ደግሞ፣ ስማችን በሥራችን ላይ አልተጻፈም፣ ከትርፉም ተገቢውን ድርሻ አላገኘንም ያሉ የአታሪ ፕሮግራመሮች ወጥተው አክቲቪዥንን አቋቋሙ።

አክስለሬተር የሚባለው የገንዘብ አሰጣጥ የተጀመረው በ2005 ዋይ ኮምቢኔተር በማሳቹሴትስ ሲመሠረት ነው። ውሉ አጭር ነው፤ ይኸውም ለጀማሪው ኩባንያ ጥቂት ገንዘብና የሦስት ወር ምክር ይሰጠዋል፣ በለውጡም ከኩባንያው ድርሻ ይወሰዳል፣ በመጨረሻም መሥራቾቹ በባለገንዘቦች ጉባኤ ፊት ቀርበው ሥራቸውን ያስረዳሉ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የባለገንዘቡ ሒሳብ ነው። እርሱ ለብዙዎች የሚሰጠው አብዛኞቹ እንደሚወድቁ እያወቀ፣ ከመካከላቸው አንዱ እጅግ ገዝፎ የሌሎቹን ኪሣራ እንዲሸፍንለት ነው። ጨዋታ ግን እንደ መጽሐፍ ተፈጽሞ የሚሸጥ ሥራ ነው፤ ቀጣዩም እንደገና ከመነሻው ይጀመራል።

ይህ አለመጣጣም ምን እንደሚያስከትል የታይኒ ስፔክ ታሪክ ይመሰክራል። ኩባንያው ከታወቁ ባለገንዘቦች ብዙ ሚሊዮን ዶላር ተቀብሎ ግሊች የተባለውን ጨዋታ በ2011 አወጣ። ጨዋታው ወዳጆች ነበሩት፤ ነገር ግን ያን ያህል ገንዘብ የሚጠብቀውን ዕድገት ሊያሳይ ስላልቻለ በ2012 መጨረሻ ተዘጋ። ሠራተኞቹ እርስ በርሳቸው የሚላላኩበት መሣሪያ ግን ስላክ ተብሎ ለገበያ ቀረበ፤ ሴልስፎርስም በ2021 በ27.7 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ባለገንዘቦቹ ተጠቀሙ፤ ጨዋታው ግን አልዳነም።

ሌላም መንገድ አለ። በ2012 ደብል ፋይን 400,000 ዶላር ፈልጎ በኪክስታርተር ሕዝቡን ቢለምን ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ አገኘ፤ ድርሻ የጠየቀው ግን አልነበረም። ሆኖም ያም ገንዘብ ስላልበቃ ብሮክን ኤጅ የተባለው ጨዋታ ለሁለት ተከፍሎ በ2014ና በ2015 ወጣ። ኤሪክ ባሮን በበኩሉ ስታርዲው ቫሊን ከአራት ዓመት በላይ ብቻውን ደክሞበት በ2016 አወጣ፤ የዚያ ዘመን ዋጋ የተከፈለው በራሱና በወዳጁ ደመወዝ ነበር።

እንግዲህ ከዋጋ ነጻ የሆነ ገንዘብ የለም። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ብሂል በሰው ገንዘብ አትሥራ ማለት አይመስለኝም፤ የማን እንደሆነና ምን እንደሚሻ ሳታውቅ አታጊጥበት ማለት ነው። ስለሆነም ከአክስለሬተር ደጅ የሚቆም የሙያ ባልደረባችን ማመልከቻውን ከመጻፉ በፊት ራሱን ሊጠይቅ ይገባል፤ የምመሠርተው ኩባንያ ነው ወይስ የምሠራው ጨዋታ? መልሱ ጨዋታው ከሆነ፣ ባለገንዘቡ የሚገዛው ሌላ ነገር መሆኑን አስቀድሞ ይወቅ።