የገና ዱላና የደም ዕዳ

ዱላና ጠንካራ ኳስ በተገናኙበት ሜዳ ሁሉ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛው «ሰው እንዳይጎዳ ምን ይደረግ?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ከተጎዳ በኋላስ?» የሚል ነው። ክሪኬት የሚጫወቱ ሕዝቦች አብዝተው የደከሙት በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ነው። የእኛ አባቶች ግን ለገና ጨዋታ መልስ ያበጁት ለሁለተኛው ነበር። ሁለቱን መልሶች ጎን ለጎን አድርገን ብንመለከታቸው የምንማረው አይጠፋም።

የገና ጨዋታ እንደሚታወቀው ከታኅሣሥ 29 በዓል ጋር የመጣ ነው። ትውፊቱም የቤተልሔም እረኞች የጌታን መወለድ ሰምተው በደስታ በትራቸውን ይዘው መጫወታቸውን ያወሳል። ዱላው ጫፉ ቆልመም ያለ ሲሆን የሚመታው ከእንጨት የተጠረበ ሩር ወይም ከጠፍር የተጎነጎነ ጥንግ ነው። ላይ ሰፈር ከታች ሰፈር፣ ያገባ ካላገባ ሚና ለይቶ ይገጥማል። በቀድሞው ልማድ የተጫዋቹ ቁጥር እንደየመንደሩ ነው፤ ሜዳውም እንደ ተገኘ ነው።

እኛ የቆቦ ልጆች ሜዳ አይቸግረንም ነበር። ዞብል በስተምሥራቅ ቆሞ ከሚያየው ሰፊ ረባዳ ላይ ማሽላው ሲታጨድ፣ ዓይን እስኪታክት የሚሮጥበት ቦታ ይገለጣል። የሚቸግረው ቅልጥም ነበር። ጉቶው ከታች ይወጋል፤ ሩሩ ከፊት ይመጣል፤ ዱላው ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ጥርስ ይወልቃል፤ ቅንድብ ይተረተራል። ከበዓሉ ማግሥት ወጌሻ ሥራ አይፈታም።

ታዲያ ይህን ሁሉ አደጋ ያዘለ ጨዋታ መንደርን ከመንደር ሳያፋጅ እንዴት ዘመናትን ተሻገረ? በገና ዕለት ጌታም ቢሆን እንደማይቆጣ የሚናገረውን አባባል የማያውቅ የለም። ብዙዎቻችን የምንተረጉመው ሎሌ ጌታውን በነፃነት የሚገፋበትና የሚያሽሟጥጥበት የአንድ ቀን ፈቃድ አድርገን ነው። ይህ እውነት ነው። ለእኔ ግን ከዚያም በላይ ሕግ መስሎ ይታየኛል፤ ይኸውም በሜዳው ላይ ያረፈ ዱላ ወደ ቂም እንዳይሸጋገር ጨዋታው ሳይጀመር የሚታወጅ ምሕረት ነው።

የዚህን ምሕረት ክብደት ለመረዳት ደም ምን ማለት እንደ ሆነ የሚያውቅ አገር ሰው መሆን ይጠቅማል። በራያ ቆቦ ደም ፈስሶ ቤተሰብ ከቤተሰብ ሲፈላለግ ነገሩን ይዘው የሚያስታርቁት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ሥርዓታቸውም ዘወልድ በመባል ይታወቃል። ዕርቅ ግን አድካሚ ነው። እንግዲህ የዱላ ጨዋታ በየዓመቱ የደም ዕዳ የሚወልድ ቢሆን ኖሮ የትኛው ሽማግሌ ይችለው ነበር? ቁጣን አስቀድሞ የሚከለክለው ያ አባባል የሚጠብቀው ቅልጥምን ሳይሆን ጉርብትናን ነበር።

ሆኖም ምሕረት የጠፋ ዓይን አይመልስም። ቂም ያረገዘ ሰውም «ጨዋታ ነው» እያለ ዱላውን ከሩሩ ይልቅ ወደ ሰው ቢያነሣ መከለያ ይሆነዋል። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ስለ ክሪኬት ብዙዎቻችን የሰማነው በንጉሡ ዘመን ካስተማሩን ከሕንድ መምህራን ነው። ኳሱ 160 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ውስጡ ቡሽና ክር፣ ውጭው ቆዳ ነው። ፈጣን ወርዋሪ በሰዓት ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ ያስወነጭፈዋል። የክሪኬት ሰዎች እግርንና እጅን መሸፈን የጀመሩት ቀደም ብለው ነው። ራስ ግን ለረጅም ጊዜ እንደ እኛው የገና ተጫዋች ራስ ባዶውን ቀረ።

በመጋቢት 1954 ዓ.ም. የሕንድ ቡድን አምበል ናሪ ኮንትራክተር ባርቤዶስ ላይ ቻርሊ ግሪፊዝ የወረወረው ኳስ ራሱን መትቶት የራስ ቅሉ ተሰበረ። ሕይወቱን ለማትረፍ ደም ከለገሱት መካከል የተጋጣሚው የዌስት ኢንዲስ አምበል ፍራንክ ዎረል ይገኝበታል። ኮንትራክተር ዳነ፤ ነገር ግን ለአገሩ ዳግመኛ አልተሰለፈም። ለወገኑ ደም የሚከፈልበት እንጂ ለባላጋራው ደም የሚሰጥበት ወግ እምብዛም ለማያውቅ ሰው፣ የዎረል ሥራ ከማንኛውም ዕርቅ አያንስም።

ከዚያ በኋላ እንኳ የራስ ቁር ወደ ታላላቅ የአገር ለአገር ግጥሚያዎች እስኪገባ 16 ዓመት ፈጀ። በመጋቢት 1970 ዓ.ም. አውስትራሊያዊው ግርሃም ያሎፕ እዚያው ባርቤዶስ ላይ ቁር ደፍቶ ሲገባ ተመልካቹ ጮኸበት፤ ፈሪ ተባለ። በኅዳር 2007 ዓ.ም. ደግሞ የ25 ዓመቱ ፊሊፕ ሂዩዝ ቁር ደፍቶ ሳለ፣ ሲድኒ ላይ ኳሱ ከቁሩ በታች አንገቱን መትቶት በሁለተኛው ቀን ሞተ። ከእርሱ ሞት በኋላ የማጅራት መከለያ ተስፋፋ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮም ጭንቅላቱን ተመትቶ የናወዘ ተጫዋች በሌላ እንዲተካ ዓለም አቀፉ ደንብ ፈቀደ። እያንዳንዱ ደንብ ከበስተኋላው አንድ ቁስለኛ አለ።

የኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ገናን ዳኛ ያለው፣ ሜዳውና የተጫዋቹ ቁጥር የተወሰነ ውድድር ማድረጉ ትልቅ እርምጃ ነው። የመንደሩ ጨዋታ ግን ዛሬም በወላጅና በሽማግሌ እጅ ነው። ዱላ ከትከሻ በላይ አይነሣ። ለልጆች የእንጨቱ ሩር ቀርቶ ለስለስ ያለ ጥንግ ይሰጣቸው። ቅልጥም በወፍራም ጨርቅም ቢሆን ይጠቅለል፤ ተመልካችም ራቅ ብሎ ይቁም። ራሱን የተመታ ልጅ «ደኅና ነኝ» ቢልም የዚያን ዕለት ወደ ጨዋታው አይመለስ። ቢያስመልሰው፣ ራስ ምታቱ ቢጠናበት ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ቢለው ጉዳዩ የወጌሻ አይደለምና ፈጥኖ ሐኪም ዘንድ ይወሰድ።

«ይህ ሁሉ ባህሉን ያበላሸዋል» የሚል አይጠፋም። ያሎፕንም የጮኹበት እንዲሁ ብለው ነበር። አባቶቻችን ከጨዋታው በኋላ ያለውን ሰላም ጠብቀው አስረከቡን፤ ከጨዋታው በፊት ያለውን ጥንቃቄ መጨመር የእኛ ድርሻ ነው። ይቅር የሚባልለት ቁስል ባነሰ ቁጥር ይቅርታውም አይከብድም።