ውኃ አስራጊ ከተማ

«ስፖንጅ ሲቲ» የሚለው ስም ስለ ከተማ በሚያጠኑ ሰዎች አፍ ከገባ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። የመጣው ከቻይና ነው፤ በራሳቸው ቋንቋ «ሃይሚየን ቸንግሽ» ይሉታል። የዝናብን ውኃ እንደ ጉድፍ በቱቦ ጠርጎ ከማስወጣት ይልቅ በወደቀበት ቦታ አፈሩ እንዲጠጣው፣ የተረፈውም ቀስ ብሎ እንዲወርድ ታስቦ የሚሠራ ከተማ ማለት ነው። እኔ «ውኃ አስራጊ ከተማ» እለዋለሁ። ለምን እንዲህ እንዳልሁት ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። አስቀድሞ ነገሩ ራሱ መታየት አለበት፤ እሱን ለማየት ደግሞ ከቻይና ይልቅ ወሰን ይቀርበናል።

ወሰን ከመገናኛ ተነሥቶ በላምበረት በኩል ወደ ኮተቤ በሚያወጣው መንገድ ላይ ያለ በአዲስ አበባ የየካ ክፍለ ከተማ ሰፈር ነው። ከበላዩ የየካ ተራራ አለ፤ ተራራው ከእንጦጦ ሰንሰለት ጋር የተያያዘ ነው። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ በከተማዋ ደቡብ ያለው የአቃቂ ሜዳ ግን 2,100 ሜትር ግድም ነው። በአንዲት ከተማ ውስጥ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ ማለት ነው። ከሸንተረሩ ጀርባ የሚወርደው ውኃ ወደ ዓባይ ተፋሰስ ሲሄድ በፊቱ የሚወርደው ወደ አዋሽ ይሄዳል። የወሰን ጎርፍ በየጅረቱ ወርዶ ትልቁን አቃቂን ይቀላቀላል፤ ከዚያም በአባ ሳሙኤል ግድብ አልፎ አዋሽ ይገባል።

አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው በክረምቱ ወራት ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። እንግዲህ 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ በለበሰ ቤት ላይ በሐምሌ አንድ ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ ከዚያ ጣሪያ ብቻ 3,000 ሊትር ይወርዳል። ባለ 1,000 ሊትር ሦስት ሮቶ ሙሉ ነው። ቤቱ ከመሠራቱ በፊት ቦታው እርሻ ወይም የግጦሽ ሣር ነበርና ከዚህ ውኃ ብዙው እዚያው አፈር ውስጥ ይቀር ነበር። ዛሬ ጣሪያው ለአሸንዳ፣ አሸንዳው ለግቢው ሊሾ፣ ሊሾው ደግሞ በበሩ ሥር አሳልፎ ለመንገዱ ይሰጠዋል። የቤቱ ባለቤት ግቢው ጭቃ ስለሌለበት ደስ ብሎታል፤ ጥፋትም የሠራ አይመስለውም። ከሥሩ ያለው ጎረቤት የራሱንም የላይኛውንም ውኃ ይቀበላል። ሦስተኛው የሁለቱን ይጨምራል። እንዲህ እየተደመረ ወርዶ ወንዝ ዳር ላስቲክ ወጥራ የምትኖረው ቤተሰብ ጋ ሲደርስ የማንም ያልሆነ፣ የሁሉም የሆነ ጎርፍ ይሆናል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታው ጎርፍ የሰው ሕይወት ሲያጠፋ፣ ብዙ ሰው በዕለቱ ያየው የዝናቡን ብዛት ነበር። ከዝናቡ በፊት ለዓመታት የተነጠፈው ሲሚንቶ ግን በዜናው ውስጥ አልነበረም።

ተራራው ራሱስ? የእንጦጦ ደን ብለን የምንጠራው በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው፤ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ ከተማዋ የማገዶ እንጨት ባጠራት ጊዜ ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው። ከሩቅ ሲታይ አረንጓዴ ነው። ከሥሩ ሲታይ ግን መሬቱ ብዙ ቦታ ላይ ራቁቱን ነው። ባሕር ዛፍ ሥር ሣርና ቁጥቋጦ እንደ ልብ አይበቅልም፤ የረገፈውንም ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች ለማገዶ ይጠርጉታል። በእነሱ ልፈርድ አልችልም፤ ያ ሸክም የቤተሰብ እንጀራ ነው። ነገር ግን ዝናብን የሚያስቆመው የዛፉ ቁመት አይደለም፤ አፈሩን የሸፈነው ቅጠል፣ ሣርና ሥር ነው። ያ ልብስ ሲነሣ ጠብታው አፈሩን በቀጥታ እየመታ የላዩን ቀዳዳ ይደፍነዋል፤ ውኃውም ሳይሰርግ አፈሩን ይዞ ይወርዳል። የድንጋይ ካባ የተቆፈረበትማ ከዚህ ይብሳል። ስለዚህ በሸንተረሩ ላይ ባሕር ዛፉን በጽድ፣ በወይራና በኮሶ ለመተካት የሚደረገው ሥራ ለወሰን የታችኛው መንደር የጎርፍ መከላከያ ጭምር ነው። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር በእንጦጦ የጀመረው የአገር በቀል ዛፎች ተከላ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት፣ በ705 ሄክታር ላይ ያረፈው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልም በዚህ ዓይን ሊታዩ ይገባቸዋል።

የላይኛው የታችኛውን ደኅንነት እንደሚወስን ለማስረዳት ድሬዳዋን ያህል ምስክር የለም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ሌሊት፣ የደቻቱ ወንዝ ሰው በተኛበት ሞልቶ መጣ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ያ ውኃ በአብዛኛው የወረደው ከከተማዋ በላይ ካሉት፣ ደናቸው ከተራቆተ ተራሮች ነበር።

ወደ ቻይና እንሂድ። ሐሳቡን ለዓለም ያስተዋወቀው የፔኪንግ ዩኒቨርሲቲው የመልክዓ ምድር አርክቴክት ኮንግጂያን ዩ ነው፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ብራዚል ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። የገበሬ ልጅ ነበር። ቱቦና የኮንክሪት ግድግዳ የወንዝን ጉልበት እንደሚጨምሩ እንጂ እንደማይቀንሱ ሲከራከር ለዓመታት የሚሰማው አላገኘም ነበር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2012 ቤይጂንግ በአንድ ቀን ጎርፍ 79 ሰው ስታጣ ግን ሐሳቡ ወደ መንግሥት ጠረጴዛ ደረሰ። በ2015 አሥራ ስድስት የሙከራ ከተሞች ተመረጡ፤ በ2030 ከከተሞቹ የተገነባ ይዞታ 80 በመቶው ከዝናቡ 70 በመቶውን እንዲያስቀር ግብ ተጣለ።

ይህ ማለት ግን መድኃኒቱ ሁሉን ያድናል ማለት አይደለም። በዚህ ሥራ ብዙ ገንዘብ ያፈሰሰችው የቻይናዋ ከተማ ዠንግጆ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 በአንድ ሰዓት ብቻ 200 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወርዶባት የምድር ውስጥ ባቡሯ ሳይቀር ሰጠመ፤ በመቶዎች የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። ውኃ ማስረግ የየክረምቱን ጎርፍ ያቃልላል። በብዙ ዓመት አንዴ ለሚመጣው መዓት ግን ማስጠንቀቂያ፣ ሰፊ የወንዝ ዳርቻና ሰውን ከአደጋ ቦታ ማንሣት ይጠይቃል። ይህን ሳይናገር አዲስ ቃል የሚያስተዋውቅ ሰው አንባቢውን ያታልላል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ፤ ለወሰን በተለይ። ቀጥ ባለ ገደል ላይ ውኃ ማስረግ አደገኛ ሊሆን ይችላል። ውኃ የጠገበ አፈር ይከብዳል፣ ይለሰልሳል፣ ይንሸራተታል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ከ200 በላይ ወገኖቻችንን የቀበረው ናዳ ከከባድ ዝናብ በኋላ የመጣ ነው። ስለዚህ በተራራው ወገብ ላይ የሚበጀው ውኃውን በእርከንና በክትር ማዘግየት፣ በዛፍ ሥር አፈሩን ማሰር ነው፤ ጉድጓድ ቆፍሮ ማስረጉ ቁልቁለቱ ጋብ ወዳለበት ሰፈር ሲወረድ ይሁን። ከዚያ በታች በአቃቂ በኩል ያለው ጥቁር ኮትቻ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ሲረጥብ አብጦ ውኃ አላሳልፍ ይላል። እዚያ ማስረግ ከንቱ ድካም ነው፤ ኩሬና ረግረግ ማዘጋጀት ይሻላል። ማዘግየት፣ ማስረግ፣ ማቆር፦ ሦስቱ ሥራዎች ከእንጦጦ እስከ አቃቂ በየቦታቸው ሲከናወኑ ነው ከተማው አስራጊ የሚሆነው።

አሁን ወደ ስሙ። «ስፖንጅ ከተማ» ብሎ መተው ቀላል ነበር፤ ነገር ግን አዲስ አበባ ውስጥ ስፖንጅ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ፍራሽ ነው። «ውኃ መጣጭ» የሚሉም አሉ። ቃሉ ትክክል ነው፤ ሆኖም «ደም መጣጭ» ከሚለው ጋር ተጣብቆ ክፉ ጠረን ይዟል፤ ደግሞም መጣጭ ለራሱ የሚያስቀር ነው። ሰረገ የሚለው ግሥ ግን ውኃው ወደ ውስጥ መግባቱን ብቻ ሳይሆን እየዘለቀ መሄዱንም ይናገራል። ስሙን የሰማ ሁሉ ሰርጎ ገብ ከሚለው ስለሚያውቀው አይቸገርም። ከሁሉ በላይ ቃሉ ባለቤት አለው። በተፋሰስ ልማት ሥራ የዋሉ ገበሬዎችና የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ስለ ስርገት፣ ስለ ማስረጊያ ጉድጓድ ሲያወሩ ዓመታት ሆኗቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት የኮንሶ እርከኖች የዚህ ዕውቀት ልጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 የኢኳተር ሽልማትን ያገኘችው የትግራይዋ አብርሃ ወአጽብሃም እንዲሁ፤ በክትርና በጉድጓድ ጎርፏን አስርጋ፣ ደርቆ የነበረውን የከርሰ ምድር ውኃዋን መልሳ በጓሮዋ አትክልት ያበቀለች መንደር ናት። እኛ ከተሜዎች ቃሉን ከገጠር ልንዋሰው ነው፤ ሥራውንም አብረን ብንዋሰው እላለሁ።

የስርገት ጥቅም ጎርፍን በመቀነስ አያበቃም። አዲስ አበባ ውኃዋን የምትጠጣው ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፣ እንዲሁም ከአቃቂ የጉድጓድ መስኮች ነው። ጉድጓዶቹ የሚሞሉት ከላይ ከሚሰርገው ዝናብ ነው። በነሐሴ በበራችን ሥር ገፍተን ያስወጣነውን ውኃ በየካቲት በፈረቃ እየጠበቅን በጀሪካን እንቀዳለን፤ ሁለቱ ችግሮች የተለያየ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ስለሚመስሉን አንድ መሆናቸው አይታየንም።

ጥናቱ የለም አይባልም። እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2013 በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ የተካሄደው «ክሉቫ» የተባለው ምርምር የአየር ንብረት ለውጥ በአምስት የአፍሪካ ከተሞች ላይ የሚያመጣውን አደጋ ሲመረምር አዲስ አበባ ከዳሬሰላም፣ ከዱዋላ፣ ከዋጋዱጉና ከሴንት ሉዊ ጋር አንዷ ነበረች። ልደታ ያለው፣ በሰፊው ሕንፃ ኮሌጅ የሚባለው ተቋም ምሁራን ተሳትፈውበታል። ተመራማሪዎቹ ከተማዋን በአሠፋፈር ዓይነት ከፋፍለው፣ የትኛው ዓይነት ሰፈር ምን ያህል አረንጓዴ ሽፋን እንዳለው፣ ያ ሽፋን ጎርፍንና ሙቀትን በማብረድ ምን እንደሚሠራ መረመሩ። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው፣ በጠቅላላው 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት የታቀደው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክትና በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም ወንዝንና ተራራን ወደ ከተማ አጀንዳ መልሰዋል። የእኔ ቅር መሰኘት በመካከል ስላለው ነው። ተራራው ተነሥቷል፣ ወንዙ ተነሥቷል፤ በሁለቱ መሐል ያለው ሰፈር፣ ማለትም ጣሪያው፣ ግቢውና የውስጥ ለውስጥ መንገዱ ግን ገና አልተነሣም። ውኃው የሚበዛው እዚያ ነው።

በወሰን መንደሮች ሊሠራ የሚችለው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ኮብልስቶን በአሸዋ ላይ ተነጥፎ መገጣጠሚያው በአሸዋ ሲሞላ ከውኃው የተወሰነውን ያሳልፋል፤ በሲሚንቶ ሲደፈን ግን ከአስፋልት አይለይም። ግቢ ሙሉ በሙሉ ሊሾ ከሚሆን በመኪና ጎማ መስመር ብቻ ተነጥፎ ቀሪው ሣር ቢሆን ልዩነቱ በመጀመሪያው ክረምት ይታያል። የአሸንዳ ውኃ መጀመሪያ ወደ ሮቶ፣ ሲተርፍ ጠጠር ወደተሞላ ማስረጊያ ጉድጓድ ቢገባ መንገዱ ያርፋል፤ ጉድጓዱ ከቤቱ መሠረትም ከመጸዳጃ ጉድጓድም መራቅ አለበት፤ አለዚያ ቤቱን ይሰነጥቃል፣ የከርሰ ምድሩንም ውኃ ይበክላል። መንገድ ዳር የሚቆለለው የግንባታ አሸዋና ገረገንቲ፣ ፌስታሉና የሃይላንድ ፕላስቲኩ ቦዩን እስከደፈነው ድረስ ደግሞ የትኛውም ዘዴ አይሠራም።

አንድ ግቢ ብቻውን ለውጥ አያመጣም፤ ችግሩ የተፈጠረው በመደመር ስለሆነ የሚፈታውም በመደመር ነው። ለዚህ ሰፈሩ የተዘጋጀ ማኅበር አለው። ዕድር ድንኳንና ወንበር በጋራ እንደሚገዛ ሁሉ፣ ከአንድ ጉብታ ሥር ያሉ ቤቶች አንድ የጋራ ማስረጊያ ሊቆፍሩ ይችላሉ። ወረዳውም የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ ከጣሪያው የሚወርደው ውኃ የት እንደሚሄድ በፕላኑ ላይ ይመልከት፤ «ወደ መንገድ» የሚለውን መልስ አይቀበል።

ቃሉ ከተለመደ ቤተሰቡ አብሮት ይመጣል። አፈር ውስጥ የሚገባው ውኃ መጠን ስርገት ይባላል። ውኃ የሚያሳልፈው የመንገድ ልብስ አስራጊ ንጣፍ፣ ለዚሁ ተብሎ በመንገድ ዳር ዝቅ ተደርጎ የሚተከለው የአትክልት መደብ ማስረጊያ መደብ ይሆናል። ሊሾውን ቀንሶ ዝናቡን ለራሱ ያስቀረ ግቢ አስራጊ ግቢ ነው። «የእናንተ ግቢ አስራጊ ነው ወይስ ለቃቂ?» ብሎ ከበላዩ ያለውን ጎረቤት መጠየቅ የሚችል የወሰን ነዋሪ ቃሉን በትክክል ተጠቅሞበታል።